«ቅርብ ኃላፊ» ብለን ላሳሳትናችሁ

ሰሞኑን አንዲት የእንግሊዝኛ ተማሪዬ «ፕረዘንት ፐርፌክት (እነ ‹ሃቭ ሲን›) ቅርብ ኃላፊ ከተባለ፣ ትናንት ቅርብ አይደለም እንዴ?» ብላ ጠየቀች። ልክ ናት። ጥፋቱ ያንን ስም ያወረስናችሁ የእኛ የአስተማሪዎች ነው። የጻፈችው «አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርዴይ» ነበር። በአማርኛ «ትናንት አይቼዋለሁ» ብትል ማን ያርማታል? እኛ ግን ለስንት ዓመት «ሃቭ ሲን»ን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዘን፣ ከላዩ «ሶ» ጽፈን፣ ምክንያቱን ሳንነግር ገጹን ገልብጠናል። ዛሬም ይቆጨኛል።

እስቲ ያቺን ዓረፍተ ነገር ቀረብ ብለን እንያት። «አይቻለሁ» ማለት «አይቼ አለሁ» ነው፤ ድርጊቱ አልፏል፣ «አለሁ» ግን የአሁን ነው። «ሃቭ»ም እንደዚያው የአሁን ጊዜ ግስ ነው። እስከዚህ ሁለቱ ቋንቋዎች ወንድማማች ናቸው። የሚለያዩት «መቼ» የሚለው መልስ ሲገባ ነው። አማርኛው «ትናንት»ን ችሎ ይሸከማል፤ እንግሊዝኛው አይችልም። «የስተርዴይ»፣ «ላስት ዊክ»፣ «ኢን 2010» ያለቁ ጊዜያት ስለሆኑ «ሶ» ይላሉ። «ዚስ ዊክ» ገና አላለቀም፤ ስለዚህ «ሃቭ ሲን» ይሄዳል። «ዚስ ሞርኒንግ»ማ እንደ ሰዓቱ ነው፦ በጠዋቱ ስታወሩ «ሃቭ ሲን»፣ ከምሳ በኋላ «ሶ»።

ቅርበት እንደሌለበት ታያላችሁ። ከ40 ዓመት በፊት ስላነበባችሁት መጽሐፍ፣ መቼ እንደሆነ እስካልጠቀሳችሁ ድረስ፣ «አይ ሃቭ ሬድ ኢት» ትላላችሁ። ከአምስት ደቂቃ በፊት ያያችሁትን ሰው «ፋይቭ ሚኒትስ አጎ» ካላችሁበት ግን «ሶ» ነው። ወሬም ሲጀመር እንዲህ ነው፦ «ሃቭ ዩ ኤቨር ድሪቨን ኤ ትራክ?» «የስ፣ አይ ሃቭ። አይ ድሮቭ ዋን ኢን 2015።» በፐርፌክት ይከፈታል፣ ዓመቱ ሲጠራ ወዲያው ይለወጣል። የዛሬ ልጆች ስልካችሁ ላይ ከአራት ምርጫ አንዱን ነክታችሁ ነጥብ ስታገኙ የገባችሁ ይመስላችኋል፤ ይህችን መገልበጥ ግን በአፍ ካልሞከራችኋት አትመጣም። ሠንጠረዥ መሸምደድም አያመጣትም።

«እዚህ መሥራት ከጀመርኩ ሦስት ዓመቴ ነው» ስለምንል «አይ አም ዎርኪንግ ሂር ፎር ስሪ ይርስ» ይወጣናል። «ነው»ን እርሱትና «አይ ሃቭ ቢን ዎርኪንግ» በሉ። «ፎር» ርዝመት ነው፣ «ሲንስ» መነሻ፦ «ሲንስ 2019» ይባላል፣ «ሲንስ ስሪ ይርስ» አይባልም።

«ነበር» ደግሞ ሌላ ወጥመድ ነው። «ትናንት መጥቶ ነበር» ስንል መጥቶ ተመልሷል ማለታችን ነው፤ እንግሊዝኛው ለዚህ «ሂ ኬም የስተርዴይ» ይበቃዋል። «ሃድ» የሚመጣው ድርጊቱ የሚቀድመው ሌላ ያለፈ ነገር ሲኖር ነው። «ዌን አይ አራይቭድ፣ ሂ ሃድ ሌፍት» ካላችሁ አላገኛችሁትም። «ዌን አይ አራይቭድ፣ ሂ ሌፍት» ካላችሁ ግን እናንተን አይቶ ተነስቶ ሄደ፤ ምን አድርጋችሁት ይሆን?

የወደፊቱ ፐርፌክት፣ «ዊል ሃቭ ፊኒሽድ»፣ ለጊዜው ይቆይ። ቅድም አትሸምድዱ ብዬ ነበር (ይህም «ነበር» በእንግሊዝኛ «አይ ሴድ» ብቻ ነው)፤ «ሲ፣ ሶ፣ ሲን»፣ «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን»ን ግን ሸምድዱ፣ አቋራጭ የለውም። ጆሯችሁንም አሠልጥኑ፦ «ሂዝ ጎን» ውስጥ ያለችው «ዝ» «ሃዝ» ናት፣ «ሂዝ ጎይንግ» ውስጥ ያለችው «ኢዝ»፤ የሚለያቸው ተከትሏት የሚመጣው ግስ ብቻ ነው።

አሜሪካዊ «በልተሃል ወይ?» ለማለት «ዲድ ዩ ኢት የት?» ሲል ብትሰሙ አትደንግጡ፤ እነሱ ዘንድ የተለመደ ነው። ፈተና ላይ ግን «ሃቭ ዩ ኢትን የት?» ብላችሁ ጻፉ።