ላጲስ ያነሳሁበት ቀን

ልጄ፣

ጥያቄሽ እንቅልፍ ነሳኝ። «ጋሼ፣ አንዲት ቁጥር ከሌሎቹ ጋር አልገጥም አለችኝ፤ ባወጣት ማን ያውቃል?» አልሽኝ። ማንም አያውቅም። እኔ ግን የራሴን ይኸው እስከ ዛሬ አልረሳሁም።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ዝዋይ ሐይቅ ዳር የውሃ ከፍታ እለካ ነበር። ውሃው ውስጥ በሴንቲሜትር የተከፋፈለ ዘንግ ተተክሏል፤ ጠዋትና ማታ ሄደሽ ታነቢያለሽ፣ ትጽፊያለሽ። በቃ። አንድ ሰሞን ማታ ማታ ውሃው ከጠዋቱ አራት አምስት ሴንቲ ከፍ ብሎ አገኘው ጀመር። ጠብ ያለ ዝናብ የለም። ሱሪዬን ጠቅልዬ ገባሁና ዘንጉን ነቀነቅኩት፤ ንቅንቅ አላለም። ለአለቃዬ ሳሳየው «ሳይዘንብ የሚሞላ ሐይቅ አገኘህ?» አለኝ። ቢሮው በሙሉ ሳቀ። አፈርኩ። ላጲስ አንስቼ የማታዎቹን ቁጥሮች ከጠዋቶቹ ጋር አስማማኋቸው። ወረቀቱ ሳስቶ ብርሃን ያሳልፍ ነበር።

የከሰዓቱ ነፋስ ውሃውን ወደ እኔ ዳርቻ ይገፋው እንደነበር የገባኝ ከዓመታት በኋላ፣ ስለ ኖርዌያዊው የዋልታ አሳሽ ፍሪድትዮፍ ናንሰን ሳነብ ነው። ናንሰን በ1893 እ.ኤ.አ. ፍራም የተባለችውን መርከቡን ሆን ብሎ በሰሜን ዋልታ ባሕር በረዶ አስያዛት። ሆዷ ክብ ስለነበር በረዶው ሲጨምቃት ወደ ላይ ትወጣለች እንጂ አትሰበርም። ሦስት ዓመት ግድም አብራው ተንሳፈፈች። ታዲያ በረዶው ነፋሱን ቀጥ ብሎ አይከተልም፤ ከ20 እስከ 40 ዲግሪ ወደ ቀኝ ያፈነግጣል። ናንሰን ይህን አልሰረዘም። የምድር መሽከርከር ነው ብሎ ጠረጠረ፤ ኋላ ኤክማን የሚባል ወጣት ስዊድናዊ በሂሳብ አሳየው።

(ሱዳን ተሰዶ የነበረው ወንድሜ አውሮፓ የገባበት የስደተኛ የጉዞ ሰነድም ዘሩ ሲቆጠር ይኸው ናንሰን አገር አልባ ለሆኑ ስደተኞች ካስጀመረው «የናንሰን ፓስፖርት» ይደርሳል። ሰውየው በ1922 የሰላም ኖቤል ያገኘው በዋልታው ሳይሆን ለምርኮኞችና ለስደተኞች በሠራው ሥራ ነው።)

በጣም ጠንቃቃ ሰው ነበር እንዳልልሽ ደግሞ፣ በ1895 ከጉዞ ባልደረባው ከዮሃንሰን ጋር መርከቧን ትተው በበረዶው ላይ ሲጓዙ የሁለቱም ሰዓት ቆመ። መሙላት ረስተው! ሰዓት ከቆመ ደግሞ ያሉበትን ቦታ በትክክል ማስላት አይቻልም። ይህንንም ጉዱን ጽፎታል።

አለቃሽን ስሚ እያልኩ ስመክርሽ ኖሬያለሁ። እዚህ ላይ ግን አትስሚ። የእናንተ ዘመን እኮ ይብሳል፤ አንድ ቁልፍ ተጭናችሁ ታጠፋላችሁ፣ የሳሳ ወረቀት እንኳ አይተርፍም።

ቁጥሯን ከነቀኗና ከነሰዓቷ ላኪልኝ። ለመሆኑ የዚያን ዕለት ነፋስ ነበር?