የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሞቅ ያለ ሰፈር የገባ አዲስ ነዋሪ

በቅርቡ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ ሰው ወደሚበዛበትና ሌሊቱን እንኳ እንቅስቃሴ ወደማይለየው ሰፈር በተዛወሩ አንባቢያን የተጻፉ በመሆናቸው አንድ ላይ ልንመልሳቸው መርጠናል። የመጀመሪያው ሁለት ጥያቄ አጣምሮ የያዘ ስለሆነ ሰፋ ያለውን ቦታ እሱ ይወስዳል።

ጥያቄ፦ ጸጥ ባለ አካባቢ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። ከሥራ ቦታዬ እንዳልርቅ ብዬ ከሁለት ወር በፊት፣ ምድር ቤቱ በሱቆች በተሞላ ሕንፃ ውስጥ ዋናውን መንገድ ፊት ለፊት የሚያይ ቤት ተከራየሁ። ቀን ቀን ግርግሩን እወደዋለሁ፤ ሌሊት ግን የመኪናው፣ የሱቆቹ የብረት በርና የሰካራሙ ድምፅ ተደራርቦ እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም። ከዚህ የባሰብኝ ደግሞ ይህን ያህል ሰው በሚርመሰመስበት ሰፈር አንድም የማውቀው ሰው አለመኖሩ ነው። ደረጃው ላይ የማገኛቸውን ሰላም ስል አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ያልፋሉ። ላገሩ እንግዳ ለሰዉ ባዳ ሆኜ ቀርቻለሁ። ውሉን አፍርሼ ልውጣ ወይስ ልታገሥ?
— እንቅልፍ ያጣሁት

መልስ፦ ውሉን ለማፍረስ አይቸኩሉ፤ ሆኖም ሰው ሁሉ የሚሰጠውን «ይለምዱታል» የሚል ምክርም እንዳለ አይቀበሉት። የእንቅልፉና የብቸኝነቱ ጉዳይ መፍትሔያቸው ስለሚለያይ በየተራ እንያቸው።

በአዲስ ቤት የመጀመሪያው ሌሊት እንቅልፍ እንደማይሰምር የታወቀ ነው። በአሜሪካ የብራውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ ሰው በማያውቀው ክፍል ውስጥ በተኛበት የመጀመሪያ ሌሊት የአንጎሉ ግራ ክፍል ከቀኙ ቀለል ያለ እንቅልፍ እንደሚተኛና እንግዳ ድምፅ በተሰማ ጊዜ ቶሎ እንደሚነቃ አሳይተዋል፤ ግማሹ አንጎል ዘብ ቆሞ ያድራል እንደ ማለት ነው። ይህ ግን የጥቂት ሌሊት ነገር በመሆኑ የእርስዎን የሁለት ወር ችግር አይገልጸውም። ጫጫታ ይለመዳል የሚባለውም እውነትነቱ በከፊል ነው፤ እያደር ከእንቅልፍ መባነኑ ይቀንሳል፣ ልብ ግን ተኝተንም ቢሆን ድምፅ በተነሣ ቁጥር ምቱን ማፍጠኑን አይተውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ፣ በመኝታ ክፍል ውስጥ የማያቋርጥ ድምፅ ከ30 ዴሲቤል፣ ድንገት ተሰምቶ የሚጠፋ ድምፅ ደግሞ ከ45 ዴሲቤል ባይበልጥ እንደሚሻል ያስቀመጠው ለዚህ ነው። ብዙ ጊዜ ሰውን ከእንቅልፉ የሚያስነሣው ሁለተኛው ዓይነት ድምፅ ነው፤ እኩል የሚያጉረመርም የመኪና ፍሰት ሳይሆን ከመካከሉ ድንገት የሚጮኸው ነው።

ስለዚህ ጫጫታውን በጅምላ ከመጥላት በዓይነት ይለዩት። ለአንድ ሳምንት ያህል ራስጌዎ ወረቀትና እርሳስ አስቀምጠው ከእንቅልፍ ያስነሣዎትን ድምፅና ሰዓቱን ብቻ ይመዝግቡ። «ሌሊቱን ሙሉ» የተባለው ረብሻ ተዘርዝሮ ሲታይ ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ዋና ዋና ምንጮች ብቻ ይወጡታል፤ ለምሳሌ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ የሚወርድ የብረት በርና ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ቆሻሻ የሚያነሣ መኪና ሊሆን ይችላል። መኪናውን ማስቆም አይቻልም፤ የብረቱ በር ግን ባለቤት አለው፣ ሐዲዱን ቅባት ቢያስነካውና በሩን ለቆ ከመጣል በእጁ ይዞ ቢያወርደው ግማሹ ችግር ይቃለላል።

ዝርዝሩ ሌላም ጥቅም አለው። ዴቪድ ግላስና ጀሮም ሲንገር የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት ሥራቸው ሰዎችን ኃይለኛ ጫጫታ ውስጥ አስቀምጠው ነበር። ከእነዚህ መካከል «ከፈለጋችሁ ይህን ቁልፍ ተጭናችሁ ድምፁን ማስቆም ትችላላችሁ፤ ባትጫኑት ግን እንመርጣለን» የተባሉት ቁልፉን ሳይነኩት እንኳ፣ ከጫጫታው በኋላ የተሰጣቸውን ሥራ ምንም አማራጭ ካልነበራቸው ሰዎች በተሻለ ሁኔታ ሠርተዋል። ድምፁ ያው ነበር፤ የተለየው በእነሱ እጅ መሆኑ ነው። ድምፁ የማን እንደሆነ፣ መቼ እንደሚመጣና ለማን አቤት እንደሚባል ያወቀ ሰው በከፊልም ቢሆን እንደዚያው ነው።

ወደ ክፍልዎ እንመለስ። አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ወፍራም መጋረጃ ቢሆንም፣ መጋረጃ በክፍሉ ውስጥ የሚያስተጋባውን ያለዝባል እንጂ ከውጭ የሚመጣውን ያን ያህል አያግድም። ድምፅ የሚገባው አየር በሚገባበት ነው፤ ነፋስ ባለበት ቀን እጅዎን በመስኮቱ ጠርዝ ዙሪያና በበሩ ሥር ቀስ ብለው ያሳልፉት፣ ቅዝቃዜ የተሰማዎትን ቦታ ሁሉ በጎማ ማሸጊያ ይድፈኑት። አልጋውን ከመንገዱ በኩል ካለው ግድግዳ አንሥተው ወደ ውስጠኛው ያስጠጉት። የቬንቲሌተር ዓይነት ዝቅ ያለና የማያቋርጥ ድምፅም ድንገተኛውን ስለሚሸፍን ብዙዎችን ይረዳል። የስፖንጅ የጆሮ መድፈኛ ሞክረው «አልሠራልኝም» ካሉ ምናልባት በደንብ ስላልገባ ይሆናል፤ በጣቶችዎ መካከል እንደ ክር እስኪቀጥን ያሽከርክሩት፣ በሌላው እጅዎ በራስዎ በላይ አዙረው የጆሮዎን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርገው ያስገቡት፣ ተነፍቶ ቦታውን እስኪይዝ ድረስም በጣትዎ ደግፈው ይቆዩ። ቤት ውስጥ ሕፃን ወይም ሕመምተኛ ካለ ግን ይህን ይተዉት።

ሰዎቹን በተመለከተ፣ አንገት መነቅነቃቸውን እንደ ንቀት አይቁጠሩባቸው። ሰው በሚበዛበት ሰፈር የሚኖር ሰው ለሚያገኘው ሁሉ ሙሉ ሰላምታ ልስጥ ቢል ከቤቱ ደጃፍ እስከ መንገዱ ዳር ሳይደርስ ይመሽበታል። መተዋወቅ የሚጀምረው ከደግነትም ከተጫዋችነትም በፊት ከመተላለፊያ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሊዮን ፌስቲንገርና ባልደረቦቹ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ባለትዳር ተማሪዎች የሚኖሩባቸውን ሕንፃዎች አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተሙት ሥራ፣ ጓደኝነት በብዛት የተመሠረተው በር ለበር በሚኖሩ ሰዎች መካከል እንደሆነ፣ በምድር ቤት የሚኖሩት ደግሞ ቤታቸው ለደረጃው ቅርብ ከሆነ ከላይ ፎቅ ሰዎች ጋር ይበልጥ እንደሚወዳጁ አግኝተዋል። በሩን የመረጠው ሰው አልነበረም፤ ባልደረባውን ግን በሩ መረጠለት። ለእርስዎ የሚተርፈው ቁም ነገር አንድ ነው፦ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ መንገድ ይመላለሱ። ዛሬ ከዚህ ሱቅ ነገ ከዚያ ከመግዛት አንዱን ይያዙ፤ ሲከፍሉም የሰፈር ሰው ብቻ የሚያውቀውን ትንሽ ነገር ይጠይቁ፣ ለምሳሌ ቆሻሻ የሚነሣበትን ቀን። ሰው ስሙን ከመጠየቁ በፊት ዕውቀቱን ቢጠየቅ ደስ ይለዋል።

ሆኖም ሰላምታ ብቻውን ወዳጅ አያፈራም። በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ጄፍሪ ሆል እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ አዲስ ቦታ የገቡ ሰዎችን ጠይቆ፣ ከመተዋወቅ ወደ ተራ ጓደኝነት ለመሸጋገር አብሮ ያለፈ ወደ 50 ሰዓት ያህል እንደሚያስፈልግ፣ ለቅርብ ወዳጅነት ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ እንደሚጠይቅ ገምቷል። ደረጃ ላይ በየቀኑ ሁለት ደቂቃ ቆማችሁ ብታወሩ በዓመት 12 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት አብሮ የሚያቆይ ነገር ካገኙ ግን፣ ስፖርትም ይሁን የነዋሪዎች ኮሚቴ ወይም የቋንቋ ትምህርት፣ 50 ሰዓቱ በግማሽ ዓመት ይሞላል። ስለዚህ በሁለት ወር ሰው አላወቅሁም ማለትዎ እርስዎም ሆኑ ሰፈሩ ጉድለት እንዳለባችሁ አያሳይም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በዋናው መንገድ ላይ ሰው አይፈልጉ። የከተማ ንድፍ ተመራማሪው ዶናልድ አፕልያርድ በሳን ፍራንሲስኮ ሦስት ተመሳሳይ መንገዶችን ሲያወዳድር፣ በቀን 2,000 ያህል መኪና በሚያልፍበት መንገድ ላይ የሚኖሩት ሰዎች፣ 16,000 ያህል በሚያልፍበት ላይ ከሚኖሩት ይልቅ በመንገዳቸው ላይ ሦስት እጥፍ ጓደኛ እንደነበራቸው አግኝቷል። ከሕንፃዎ ጀርባ ያለችውን ጠባብ መንገድ ይልመዷት፤ ሰው ቆሞ የሚያወራው እዚያ ነው።

ውሉን በተመለከተ፣ መስኮቱን አሽገውና አልጋውን አዛውረው አንድ ወር ይሞክሩት። ካልተሻለዎት ሰፈሩን ከመልቀቅዎ በፊት እዚያው ሕንፃ ውስጥ በጀርባ በኩል ያለ ቤት ሲለቀቅ እንዲሰጡዎት አከራይዎን ይጠይቁ። ለቀቁ ማለት የጀመሩትን መተዋወቅ እንደገና ከዜሮ መጀመር ነው።

ጥያቄ፦ በአዲሱ ቤቴ ግድግዳ የሚጋራኝ ወጣት በየምሽቱ ሙዚቃ ይከፍታል። ድምፁ ብዙም አይደለም፤ ድም ድም የሚለው ግን ደረቴ ውስጥ ይሰማኛል። ሰፈሩ ውስጥ ከገባሁ ገና ጥቂት ሳምንት በመሆኑ አዲስ መጥቶ አዛዥ ናዛዥ ሆነ እንዳልባል ሰግቻለሁ።
— ዝም ያልኩት

መልስ፦ ዝምታው የሚያዋጣው ለአጭር ጊዜ ነው፤ የታመቀ ቅሬታ የሚወጣው በመጥፎ ሰዓትና በመጥፎ ቃል ነውና። ያሉት ድም ድም የሙዚቃው ዝቅተኛ ድምፅ ነው፤ ይህ ድምፅ ግድግዳን ከቀጭኑ ድምፅ ይልቅ በቀላሉ ስለሚያልፍ ባለቤቱ ጋ ልከኛ የሆነው እርስዎ ጋ ሲደርስ ጉልበት ብቻ ይሆናል። ልጁ ይህን ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ ሙዚቃው በሚጮህበት ሰዓት ተናደው በሩን አያንኳኩ፤ ስም የሌለው ወረቀትም በር ላይ አይለጥፉ፣ ያ ነገር ከስድብ አይለይም። ቀን ላይ ሲያገኙት «ወንድሜ፣ አዲሱ ጎረቤትህ ነኝ። ሙዚቃህ አይረብሸኝም፤ ድም ድም የሚለው ግን በግድግዳው ያልፋል። አንድ ቀን ከፍተኸው እኔ ቤት መጥተህ ብትሰማውስ?» ይበሉት። ሰው የራሱን ድምፅ ከጎረቤት ክፍል ሲሰማ ክርክሩ ያልቃል።

ሲመጣም «ቀንሰው» ብቻ ከማለት የሚሠራ ነገር ይዘው ይቆዩት፦ ስፒከሩን ከሚጋሩት ግድግዳ ማራቅ፣ ከወለሉ ላይ አንሥቶ ከሥሩ ወፍራም ጎማ ማድረግ፣ ቤዙን ብቻ ዝቅ ማድረግ፣ የሚዘጋበትንም ሰዓት አብሮ መቁረጥ። ይህ ሁሉ ሆኖ ካልተሳካ ቀኑንና ሰዓቱን መዝግበው ወደ ሕንፃው አስተዳዳሪ ወይም ወደ አከራዩ ይሂዱ፤ አስቀድመው ራስዎ ስላነጋገሩት ከጀርባ ከሰሰኝ የሚል ቅሬታ አይኖረውም።

ጥያቄ፦ የእኔ ችግር ተቃራኒው ነው። ብቻዬን የምኖር ሴት ነኝ፤ ገብቼ ሳልጨርስ ሰፈሩ ሁሉ አወቀኝ። ባለ ሱቁ የት እንደዋልኩ፣ ጎረቤቴ ማን እንደመጣብኝ ይጠይቁኛል። ጥበቃ ነው ወይስ ክትትል?
— የምታየው

መልስ፦ ብዙውን ጊዜ ሁለቱም ነው። ስለ ከተማ ኑሮ የጻፈችው ጄን ጄኮብስ የኒውዮርክ ሰፈሯን አጥንታ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ መንገድን ደህና የሚያደርገው ከፖሊስ በፊት በመስኮትና በሱቅ ደጃፍ ያለው የነዋሪ ዓይን እንደሆነ ተከራክራለች። እዚያው ላይ ደግሞ ነዋሪዎች ቤታቸው ለሚመጣ እንግዳ ቁልፋቸውን የሚተዉት ለባለ ሱቁ እንደነበር ጽፋለች። ምክንያቱ ባለ ሱቁ ኃላፊነት የሚሰማው ሆኖ፣ ማን ገባ ማን ወጣ እያለ የማይመራመር ሰው መሆኑ ነበር። እርስዎም ሰዎቹን በዚህ ይመዝኗቸው። ለ«የት ዋልሽ» «ሥራ ነበረኝ» በቂ መልስ ነው፤ በፈገግታ ከተነገረና በየጊዜው ካልተለወጠ ጠያቂው ራሱ ያሳጥረዋል። ብቻዎን መኖርዎን፣ የሚወጡበትንና የሚመለሱበትን ሰዓት አጥብቆ ለሚጠይቅ ሰው ግን ምንም አይንገሩ፤ ጉዞ ሲኖርዎትም ከተመለሱ በኋላ እንጂ አስቀድመው አያውሩ። ወሬ የማያመላልስ አንድ ሰው ለይተው ሲያውቁ ትርፍ ቁልፍዎን እሱ ጋ ማስቀመጥ ይችላሉ፤ ቁልፉ ላይ ግን የቤት ቁጥር አይጻፉበት።