ደጃፍ ላይ ያለ ዕቃ የማን ነው?

ለንደን ቤትህ ፊት ያቆምከውን አሮጌ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ብረት ሰብሳቢዎች ሳያስፈቅዱህ ጭነው ሄዱ፤ ስርቆት ነው ወይ ብለሃል።

ወንድሜ፣ እኔም ደርሶብኛል። ብስክሌቴን ግድግዳ አስደግፌ መፍቻ ላመጣ ገባሁ። ስወጣ የለም! ክፍት ቫን ጥጉ ላይ ሲታጠፍ ጀርባውን ብቻ አየሁት። የእኛ አገር ቆራሌው ቢያንስ ጮክ ብሎ ይጣራል፣ በዋጋም ይከራከርሃል።

በግቢህ ያለ ዕቃ፣ ባትፈልገውም ያንተው ነው። ችግሩ ሰውዬው «የተጣለ መስሎኝ ነው» ካለና ከልቡ መሆኑ ከታመነ፣ በ1968ቱ (በፈረንጆች) የእንግሊዝ የስርቆት ሕግ ጥፋተኛ ማድረግ ይከብዳል። ስለዚህ «አይነሳም» የሚል ወረቀት ለጥፍበት።

ደግሞ ከ2013ቱ (በፈረንጆች) የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴዎች ሕግ ወዲህ፣ በእንግሊዝና በዌልስ እየዞረ የሚሰበስብ ሰው ከሚሠራበት ካውንስል (የአካባቢ አስተዳደር) ሁሉ ፈቃድ ማውጣት አለበት። ፈቃዱም መኪናው ላይ መታየት አለበት። ብረት በጥሬ ገንዘብ መግዛትም ክልክል ነው።

ፍሪጅ ሲሆን ግን ተጠንቀቅ። አንዳንዶቹ ኮምፕረሰሩን (ሞተሩን) ቆርጠው ቀሪውን መንገድ ዳር ይጥሉታል። ፈቃድ ለሌለው ሰው ራስህ ሰጥተኸው ከተገኘ ቅጣቱ ላንተም ይተርፋል።

ታርጋውን ካየህ ለካውንስሉ ላክላቸው።