ኤሲው ይጠገን ወይስ ይነቀል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ዳላስ ነው። የ1991 ማዝዳ ሚያታ አለችኝ። ኤሲዋ ማቀዝቀዝ ካቆመ ቆየ። ጓደኞቼ «ስፖርት መኪና ኤሲ ምን ያደርግለታል? ንቀለውና ትቅለል» ይሉኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በዚያ በዳላስ የሐምሌ ሙቀት ኤሲ ልትነቅል? ለውድድር ሜዳ ብቻ የምታወጣት ካልሆነች እኔ በበኩሌ አይዋጥልኝም። የምትቀንሰው ክብደት ቢበዛ አንድ ሻንጣ ቢያህል ነው። እርግጥ ኮንደንሰሩ (የኤሲውን ጋዝ ሙቀት የሚያወጣው ክፍል) ከራዲያተሩ ፊት ሲነሳ ራዲያተሩ የተሻለ አየር ያገኛል።

ለመጠገን ከሆነ መጀመሪያ ጋዙ የት ጋ እንደሚያፈስ ይታወቅ። ያንተዋ ሞዴል የምትሠራው አር-12 በሚባለው ጋዝ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ምርቱ በ1995 መጨረሻ ስለቆመ ዋጋው አይቀመስም። ወደ አር-134ኤ መቀየር ይቻላል፣ ግን ጋዝ ሞልቶ መሄድ ብቻ አይደለም፦ ኦሪንጎቹ (የመገጣጠሚያ ጎማዎቹ) እና ድራየሩ (እርጥበት የሚይዘው) ይቀየራሉ፣ ጋዙን የሚጨምቀው የኮምፕረሰሩ ዘይትም እንደዚያው፣ ከዚያ በቫኪዩም ፓምፕ ውስጡ ያለው አየርና እርጥበት ተስቦ ይወጣል። ቅዝቃዜው ከድሮው ትንሽ ቢያንስ አይግረምህ። ኮምፕረሰሩ ነክሶ (መዞር አቅቶት) የብረት ብናኝ በትኖ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ኮንደንሰሩም አብሮ ስለሚቀየር ሂሳቡ ኪስ ያራግፋል።

መንቀሉን ከቆረጥክ የቀረውን ጋዝ በማሽን አስመጥጥ፤ አየር ላይ መልቀቅ በሕግ ያስቀጣል። ፓወር ስቲሪንግ ካላት ቺንጋው ከኮምፕረሰሩ ጋር የጋራ ስለሆነ አጠር ያለ ቺንጋ ያስፈልግሃል። የነቀልከውን ዕቃ ደግሞ እንዳትጥል፣ መኪናዋን የምትሸጥ ቀን ገዢው ይጠይቅሃል።