«ባለቤቴን ቅርጫት ኳስ ወሰደብኝ»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ45 ዓመት ሰው ነኝ። ከባለቤቴ፣ ከ12 ዓመት ሴት ልጃችንና ከ8 ዓመት ወንድ ልጃችን ጋር ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እንኖራለን። ባለቤቴ ነርስ ናት፤ ታታሪ ናት፣ ለልጆቿም ሟች ናት፤ በዚህ አላማትም። ችግሬ ቅርጫት ኳስ ነው። አዲስ አበባ ሳለች ለትምህርት ቤቷ ትጫወት ነበር፤ ያኔ እኔም ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ግን በብርዱ ወራት የወንዶቹን ዋሽንግተን ዊዛርድስ፣ በሙቀቱ ወራት ደግሞ የሴቶቹን ሚስቲክስ ስትከታተል ዓመቱ ይዞራል። ለሴቶቹ የውድድር ዘመኑን ትኬት በሙሉ ገዝታ ከሥራ ባልደረቦቿና ከሴት ልጃችን ጋር ትሄዳለች። በምዕራብ ጠረፍ ጨዋታ ያለ ዕለት እኩለ ሌሊት ሳያልፍ አትተኛም። በቅርቡ የአክስቴ ባል አርፈው ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሳለ፣ በነጠላዋ ሥር አንድ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ ጨዋታ ስትከታተል አየኋት። መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ። እናቴም ከአገር ቤት እየደወሉ «የልጆች እናት ኳስ ሜዳ ምን ትሠራለች?» ይሉኛል። እኔም ኳስ ጠልቼ አይደለም፣ ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ከጓደኞቼ ጋር አርሰናልን አያለሁ፤ የእሷ ግን ልክ አለፈ። ስናገራት «አንተ አይገባህም» ብላ ትዘጋኛለች። ባለፈው ተናድጄ «ወይ እኔን ወይ ኳሱን ምረጪ» ብላት ምንም ሳትመልስ ተነሥታ ወጣች። ከዚያ ወዲህ የምንነጋገረው ስለ ልጆቹና ስለ ቤት ወጪ ብቻ ነው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በደብዳቤህ ውስጥ በሩጫ ካለፍካት አንዲት ሐሳብ ልነሣ። «ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ከጓደኞቼ ጋር አርሰናልን አያለሁ» ብለሃል። በእናንተ አካባቢ የእንግሊዝ ጨዋታ ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ሊጀምር ይችላል። ከዚያ በፊት መንገድ አለ፤ ከዚያ በኋላ ቡና አለ፤ ከቡናው ጋር ደግሞ የዳኛው ጥፋት ይነሣል፤ በዚህ መካከል ግማሽ ቀን ሄደ። ኳስህን ተው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን በአንተ ኳስ ምክንያት ከአዲስ አበባ ስልክ የደወለ የለም፤ «የልጆች አባት ማልዶ ተነሥቶ ለለንደን ቡድን ምን ያስጮኸዋል?» ያለም የለም። የአንተ መዝናኛ፣ የእሷ ችግር የተባለው ለምን እንደሆነ አስቀድመህ ለራስህ መልስ ስጥ። ባለቤትህ ይህን ሳታሰላው የቀረች አይመስለኝም። ዝም ብላ የወጣችውም መልሱ በዝቶባት ሊሆን ይችላል።

ደግሞ በዚህ ብቻ ልፈርድብህ አልፈልግም። «ዓመቱ ይዞራል» ማለትህ ማጋነን አይደለም። በወንዶቹ ሊግ፣ በኤንቢኤ፣ እያንዳንዱ ቡድን ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል አጋማሽ 82 ጨዋታ ያደርጋል፤ የማጣሪያውና የፍጻሜው ፍልሚያ እስከ ጁን ይዘልቃል። ሴቶቹ የሚጀምሩት እሱ ሳያልቅ በሜይ ነው፤ በ2025 እያንዳንዱ ቡድን 44 ጨዋታ ነበረው። በዚያው ዓመት የሴቶቹ ዋንጫ ባለቤት ኦክቶበር 10 ታወቀ፣ ወንዶቹ ኦክቶበር 21 አዲሱን ውድድር ጀመሩ። ሁለቱንም ለሚከታተል ሰው በዓመት ውስጥ ያለው ፋታ ይኸው ነው። ስለዚህ «ውድድሩ ይለቅና እንነጋገራለን» ብለህ የምትጠብቅ ከሆነ አያልቅም።

ለመሆኑ በዚህ ጨዋታ ምን እንደምታገኝ ጠይቀሃት ታውቃለህ? ያልተናደድክ ዕለት ማለቴ ነው። መልሱን እሷ ትንገርህ፤ እኔ ግን ስለምትወዳቸው ሁለት ቡድኖች የማውቀውን ልንገርህና አንተው መዝን።

ሚስቲክስ በ1998 ነው የተመሠረተው። ሃያ ዓመት ያለ ዋንጫ ቆይቶ በ2018 ለፍጻሜ ደረሰና በሲያትል ቡድን ሦስቱንም ጨዋታ ተሸነፈ። በቀጣዩ ዓመት ተመልሶ የኮኔቲከትን ቡድን በአምስተኛው ጨዋታ አሸንፎ ዋንጫውን አነሣ። የዚያ ቡድን ኮከብ ኤሌና ዴሌ ዶን ፍጻሜውን የተጫወተችው የጀርባዋ ዲስክ ተንሸራትቶ ነርቯን እየተጫነ ነው። ቀኑን ሙሉ ሕመምተኛ ደግፋ ስታነሣና ስታገላብጥ ውላ ወገቧን ይዛ ወደ ቤቷ የምትገባ ነርስ ይህን እንዴት እንደምታየው አስብ። የሚጫወቱበት አዳራሽ በደቡብ ምሥራቅ ዋሽንግተን ኮንግረስ ሃይትስ የሚባለው ሰፈር ነው፤ የሚይዘው 4,200 ሰው ያህል ነው። እንዲህ ባለ አዳራሽ የጫማው ሲጥሲጥታ፣ የአሠልጣኙ ቁጣ፣ ተጫዋቾቹ እርስ በርስ የሚጠራሩበት ድምፅ ሁሉ ይሰማል። በ2025 የመጡት ሁለቱ ወጣቶች፣ ሶኒያ ሲትሮንና ኪኪ ኢሪያፈን፣ ገና በመጀመሪያ ዓመታቸው ለኮከቦች ጨዋታ ተመርጠዋል። ኢሪያፈን የናይጄሪያውያን ልጅ ናት። አስተማሪ ሁሉ ስሟን እያበላሸ ለሚጠራት የስደተኛ ልጅ፣ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ አንድ አፍሪካዊ ስም አስተካክሎ ሲጠራ መስማት ትንሽ ነገር አይደለም። ልጅህ ከእናቷ ጋር የምትሄደው እዚህ ነው።

ዊዛርድስ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ዋንጫ የወሰደው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቡሌትስ በሚባልበት ዘመን በ1978 ነው። በ2023/24 የውድድር ዘመን ከ82 ጨዋታ 67ቱን ተሸነፈ፤ በቡድኑ ታሪክ እንዲህ ያለ ዓመት አልነበረም። በቀጣዩም ያሸነፈው 18 ብቻ ነው። የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮበርት ቻልዲኒ ከባልደረቦቹ ጋር በ1976 ባሳተመው ጥናት የአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ተመልክቶ ነበር፤ ቡድናቸው ሲያሸንፍ «አሸነፍን» ይላሉ፣ ሲሸነፍ «ተሸነፉ» ወደ ማለት ያዘነብላሉ። የዩኒቨርሲቲው ስም ያለበትን ልብስ የሚለብሰውም ካሸነፉ በኋላ ይበዛል። ከድል ጋር መታየት ሁላችንም እንወዳለን። ባለቤትህ ግን 67 ጊዜ ከተሸነፈ ቡድን ጋር ብርዱን ሙሉ ተቀምጣለች። (የአርሰናል ደጋፊ ስለሆንክ ይህን ትዕግሥት ላስረዳህ አልሞክርም።) የሚሸነፈውን ትታ የማትሄድ ሴት አግብተሃል፤ እንዲህ ያለችውን ሰው «ምረጪ» ብሎ መፈተን ለምን አስፈለገ?

አሁን ወደ ከበደው ነገር ልግባ። የካናዳው ሥነ ልቦና ተመራማሪ ሮበርት ቫለራንድ ሰዎች ለሚወዱት ነገር ያላቸውን ፍቅር በሁለት ይከፍለዋል። አንደኛው ከቀረው ሕይወት ጋር ተስማምቶ የሚኖር ነው፤ ሰውየው ይገባበታል፣ ሲፈልግ ይወጣበታል። ሁለተኛው ሰውየውን የሚገዛ ነው፤ ማቆም በሚገባው ሰዓት ማቆም ያቅተዋል፣ ሌላ ቦታ ተቀምጦ ልቡ እዚያ ነው። ቫለራንድና ባልደረቦቹ በእንግሊዝ እግር ኳስ ደጋፊዎች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ይህ ሁለተኛው ዓይነት ፍቅር ከትዳር አጋር ጋር ግጭት እንደሚያመጣ፣ ግጭቱም በግንኙነቱ መርካትን እንደሚቀንስ አይተዋል። ልብ በል፣ ሁለቱን የሚለያቸው በሳምንት ስንት ጨዋታ ታያለህ የሚለው አይደለም። ብዙ የምታይ ሴት ፍጹም ጤነኛ ልትሆን ትችላለች፤ ጥቂት የሚያይ ሰው ደግሞ ቤቱን ሊበጠብጥ ይችላል።

በዚህ ሚዛን ባለቤትህ የት ናት? ደብዳቤህ ሁለት ዓይነት መረጃ ይሰጠኛል። ሥራዋን አላጎደለችም፣ ልጆቿን አልበደለችም፣ ከልጇ ጋር አብራ ትሄዳለች፤ ይህ የመጀመሪያውን ይመስላል። ለቅሶ ቤቱ ግን ሁለተኛውን ይመስላል። በዚያ ጉዳይ አንተ ልክ ነህ፤ ላለዝበው አልፈልግም። ለቅሶ ቤት የምንቀመጠው ለቀስተኛው ብቻውን እንዳይሆን ነው፤ ግማሽ ጆሮ ይዞ የተቀመጠ ሰው አልመጣም ማለት ይቀላል። ያውም የአንተ ወገን ለቅሶ ነበር። ቅያሜህ ተገቢ ነው፤ ሌሊት መቆየቷም በተደጋገመ ቁጥር ጤናዋን ይነካል። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት የሚጀምር የምዕራብ ጠረፍ ጨዋታ የሚያልቀው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ግድም ነው፤ ማለዳ መድኃኒት ለክታ የምትሰጥ ነርስ ይህን ማድረግ የሌለባት ለአንተ ስትል ብቻ አይደለም።

ሳልጠይቅ የማላልፈው አንድ ነገር አለ። በጨዋታው ላይ ገንዘብ ታስይዛለች? ሜሪላንድ ውስጥ ከኖቬምበር 2022 ጀምሮ በስልክ መወራረድ ተፈቅዷል፤ ወደ ምክር ከሚመጡ ቤተሰቦች መካከል የኳስ ፍቅር የመሰላቸው ሌላ ነገር ሆኖ የሚያገኙት አሉ። በለቅሶ ቤት እንኳ ውጤት ሳያዩ መቀመጥ አለመቻል፣ ስልክ መደበቅ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ወጪ፣ እሷ በማትደግፋቸው ቡድኖች መካከል በሚደረግ ተራ ጨዋታ መጨነቅ፤ እነዚህ ከታዩ ጉዳዩ ሌላ ስለሆነ በቁማር ሱስ ላይ የሚሠራ ባለሙያ ያስፈልጋችኋል። ስለ ገንዘብ አንድም ቅሬታ ስላልጻፍክ ይህ ይሆናል ብዬ አልገምትም። ቢሆንም በቀጥታ ጠይቃት፤ ስልኳን ግን አትበርብር።

«አንተ አይገባህም» ያለችህን ነገር እንደ ስድብ ወስደኸዋል። እኔ እንደ ቅሬታ ነው የሰማሁት። የትዳር ተመራማሪው ጆን ጎትማን ባልና ሚስት ቀኑን ሙሉ እርስ በርስ ስለሚወራወሯቸው ጥቃቅን ጥሪዎች ብዙ ጽፏል። «ትናንት እኮ በመጨረሻዋ ሰከንድ አገቡብን» ስትልህ ስለ ኳስ ብቻ አይደለም የምታወራው፤ ዞር ብለህ እንድታያት ነው። እንዲህ ስትልህ ምን ብለህ ትመልሳለህ? «እሺ» ብለህ ስልክህን ማየት ከቀጠልክ፣ ቀስ በቀስ ወሬዋን ለሥራ ባልደረቦቿና ለልጇ መስጠቷ አይገርምም። አንተም ብትሆን የአርሰናልን ወሬ ይዘህ የምትሄደው ወደሚሰማህ ሰው ነው።

ስለዚህ ስትነጋገሩ በ«ምረጪ» አትጀምር፤ ያን ቃል አንሣው። ጨዋታ በሌለበት ቀን፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ እንዲህ በላት፦ «ወይ እኔን ወይ ኳሱን ማለቴ ልክ አልነበረም። ለቅሶ ቤት ማዳመጫ አድርገሽ ሳይሽ ግን አዘንኩ፤ ብቻዬን የተውሽኝ መሰለኝ። ከምትወጂው ነገር ላርቅሽ አልፈልግም፤ እኔ ግን ከአንቺ እየራቅሁ ነው።» ከዚህ አትጨምር። «ሁልጊዜ» የሚለውን ቃል አውጣው፤ እናትህን አትጥራ፤ ሰው ምን ይላል የሚለውንም ተወው። ምናልባት መጀመሪያ ትቆጣለች፣ አርሰናልን ታነሣለች። ስታነሣ አትከላከል፤ እውነቷን ነው።

ቀጥሎ አንድ የቀን መቁጠሪያ ላይ የእሷንም የአንተንም ጨዋታ ጻፉ፣ የሥራ ፈረቃዋንም አስገቡ። ከሌሊቱ ጨዋታዎች መካከል የምታየውን እሷ ትምረጥ፤ ሌላውን ውጤት ጠዋት ታየዋለች። ለቅሶ፣ ክርስትና፣ ሰርግ ላይ ስልክ ኪስ ውስጥ ይሁን፤ ደንቡ ለአንተም ይሠራል፣ የአርሰናል ፍጻሜ ቢሆንም።

ደግሞም አንድ ቀን አብረሃቸው ሂድ። ከሲልቨር ስፕሪንግ በቀዩ መስመር ተነሥታችሁ ወደ አረንጓዴው ስትዛወሩ ኮንግረስ ሃይትስ ትደርሳላችሁ። «ሴቶቹ እንደ ወንዶቹ አይዘሉም» የሚለውን አስተያየት ቤት ትተኸው ውጣ፤ ለማስተማርም አትሂድ። ሕጉን ልጅህ ታስረዳህ። አባቷን አንድ ነገር ማስተማር ለ12 ዓመት ልጅ ትልቅ ሹመት ነው። ካልወደድከው አልወደድከውም፤ በየሳምንቱ እንድትሄድ ማንም አያስገድድህም። ቢያንስ «አይገባህም» የሚለው አይኖርም።

እናትህን በተመለከተ፣ የሚመልሳቸው አንተ ነህ እንጂ እሷ አይደለችም። «እማዬ፣ ደህና ነን፤ ልጄም ከእናቷ ጋር ስለምትውል ደስ ይለኛል» በላቸው፣ ሌላ ወሬ ጀምር። የእሳቸውን ቃል ወደ ሚስትህ አታምጣ፤ እስካሁን አምጥተኸው ከሆነም ከቁጣዋ ግማሹ የመጣው ከዚያ መሆኑን ጠርጥር።

አንድ ነገር ቀረኝ። ሁለት ልጆች እንዳሏችሁ ጽፈህልኛል፤ ትልቋ በደብዳቤው ውስጥ ሁለት ጊዜ ትመጣለች፣ ትንሹ ግን ከዕድሜው ሌላ ስለ እሱ የተጻፈ የለም። እናቱና እህቱ ኮንግረስ ሃይትስ፣ አንተ ቅዳሜ ጠዋት ከአርሰናል ጓደኞችህ ጋር ስትሆኑ፣ የ8 ዓመቱ ልጅ ከማን ጋር ነው? በሚቀጥለው ስትጽፍልኝ በእሱ ጀምር።