ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በፊት ብዕር ምን ሠራ? ጥያቄና መልስ

ስለ ፀረ-ባርነት ጽሑፎች ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች ዋና ዋናዎቹን እነሆ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ፕሬዚዳንት ሊንከን «የአጎት ቶም ጎጆ» የተባለውን ፀረ-ባርነት ልቦለድ የጻፈችውን ሀሪየት ቢቸር ስቶውን ሲያገኟት «ይህን ትልቅ ጦርነት ያስነሳሽው ትንሿ ሴት አንቺ ነሽ?» አሏት ይባላል። እውነት ነው?

መገናኘታቸው እውነት ነው። በ1862 መጨረሻ ዋይት ሀውስ ሄዳ ነበር። ንግግሩን ግን በጊዜው የመዘገበ ሰው የለም። ወሬው የተሰራጨው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። እኔ ባልጠቅሰው እመርጣለሁ። ጦርነቱን ያመጣው በባርነት ላይ የቆመው የጥጥ ሀብት፣ ባርነት ወደ ምዕራብ ግዛቶች ይስፋፋ አይስፋፋ የሚለው ፀብ እና የሥልጣን ትግል ነው። በ1860 ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በባርነት ተይዞ ነበር። የጽሑፎቹ ድርሻ ሌላ ነው። ሰው እንዳላየ ሊያልፈው የሚፈልገውን ነገር ማለፍ እንዳይችል አደረጉት።

ጥያቄ፦ ትግሉን በብዕር የጀመሩት ደግ ነጮች ናቸው ሲባል እሰማለሁ። ጥቁሮቹስ የት ነበሩ?

ከፊት ነበሩ። በ1827 ኒውዮርክ ውስጥ ጥቁሮች የራሳቸውን ጋዜጣ ማሳተም ጀመሩ። በ1829 ዴቪድ ዎከር የሚባል የቦስተን ሰው አንድ ቀጭን መጽሐፍ አወጣ። ዎከር ልባሽ ልብስ ቸርቻሪ ነበር። ደንበኞቹ ብዙዎቹ መርከበኞች ስለነበሩ መጽሐፉ በእነሱ እጅ ተደብቆ ባርነት ወደተፈቀደባቸው የደቡብ ወደቦች ገባ። ባርነትን በትዕግሥት ተሸከሙ አላለም፤ ተነሱ ነው ያለው። በደቡብ ያለችው የጆርጂያ ሹማምንት ደንግጠው እንዲህ ያለውን ጽሑፍ የሚከለክል ሕግ ወዲያው አወጡ።

ነጩ ዊሊያም ሎይድ ጋሪሰን «ሊብሬተር» የተባለውን ጋዜጣ የጀመረው በጥር 1831 ነው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደንበኞች አብዛኞቹ ነፃ ጥቁሮች ነበሩ። እነሱ ገንዘባቸውን ባያወጡ ጋዜጣው ዓመት አይዘልቅም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ ደቡብ ካላነበበው፣ ሰሜን ደግሞ ባሪያ ከሌለው፣ ጽሑፉ ማንን ነው የሚቀይረው?

ጥሩ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ ላይ የቀየረው ጥቂት ሰው ነው። ሰሜኑ ሕዝብ «የደቡብ ጣጣ ነው፣ እኛን አይመለከተንም» ባይ ነበር። ይህን አስተሳሰብ የሰበሩት ደቡቦቹ ራሳቸው ናቸው።

በ1835 የአሜሪካ ፀረ-ባርነት ማኅበር ብዙ ሺህ ጋዜጣና በራሪ ጽሑፍ በፖስታ ወደ ደቡብ ላከ። ቻርልስተን ላይ ሰዎች በሌሊት ፖስታ ቤቱን ሰብረው ገቡ፤ ጥቅሎቹን አውጥተው በማግስቱ አደባባይ ላይ አቃጠሉ። የአገሪቱ የፖስታ ኃላፊም ደቡብ ያሉ ፖስታ ቤቶች እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ይዘው ሲያስቀሩ ዝም አለ። በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ባርነትን የሚቃወም አቤቱታ ሁሉ ሳይታይ ወደ ጎን እንዲባል ወሰነ። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ጆን ኩዊንሲ አዳምስ በሽምግልናቸው ተነስተው እስከ 1844 ድረስ ታገሉት።

በ1837 ደግሞ ኢሊኖይ ውስጥ ኦልተን በምትባል ከተማ ኢላይጃ ላቭጆይ የተባለ ቄስና ጋዜጠኛ ተገደለ። ማተሚያውን በተደጋጋሚ ሰባብረውበት ነበር። የሞተው አዲስ የመጣለትን ማተሚያ ሲጠብቅ ነው። ልብ በሉ፤ ኢሊኖይ ባርነት የተከለከለበት ክፍለ ግዛት ነው፤ የሞተውም ነጭ ነው።

ለጥቁር ሰው ግድ ያልነበረው ሰሜናዊ ገበሬ ያኔ ነው የባነነው። ፖስታዬ ከተቃጠለ፣ አቤቱታዬ ካልተሰማ፣ ጋዜጠኛዬ ከተገደለ፣ ባርነት የእኔንም ነፃነት እየበላ ነው ማለት ነው አለ። የሕዝቡን አስተያየት ከጽሑፎቹ ይልቅ እነሱን ለማፈን የተደረገው ሩጫ የለወጠው ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ባሪያ አሳዳሪዎቹ «ውሸት ነው፣ ባሮቻችን ደስተኞች ናቸው» አላሉም?

ብለዋል፣ ያውም ሳይታክቱ። መልሱ የተገኘው ከራሳቸው ጋዜጣ ነው። ቴዎዶር ዌልድ ከባለቤቱ ከአንጀሊና ግሪምኬና ከእህቷ ከሳራ ጋር ሆኖ የደቡብ ጋዜጦችን ሰብስቦ «ባሪያ ጠፋብኝ» የሚሉትን ማስታወቂያዎች አንድ በአንድ ለቀመ። እህትማማቾቹ ራሳቸው የባሪያ አሳዳሪ ልጆች ነበሩ። ሥራቸው በ1839 በመጽሐፍ ወጣ። አንዱ የሰሜን ካሮላይና ሰው ያወጣው ማስታወቂያ እንዲህ የሚል ነው፦ አንዲት ጥቁር ሴት ከሁለት ልጆቿ ጋር ጠፍታለች፤ ከመጥፋቷ ጥቂት ቀናት በፊት የግራ ፊቷን በጋለ ብረት ተኩሻታለሁ፤ «ኤም» የምትለዋን ፊደል ላወጣበት ሞክሬ ነበር።

ሰውየው ይህን የጻፈው በቁጭት ወይም በኀፍረት አይደለም። ከብት የጠፋበት ሰው ምልክት እንደሚናገር ነው የተናገረው። እንዲህ ያለውን ማስረጃ ማን ያስተባብላል?

ከባርነት ያመለጠው ተናጋሪ ፍሬድሪክ ዳግላስም የተጠቀመው ይህንኑ ኃይል ነው። ንግግሩ የተዋጣ ስለነበር «ይሄ ሰው ባሪያ ሆኖ አያውቅም» ያሉት ነበሩ። በ1845 የሕይወት ታሪኩን ሲያሳትም የጌቶቹን ስምና የእርሻውን ቦታ ሳይደብቅ ጻፈ። ይህ ግን ለአሳዳጆቹ አድራሻ እንደመስጠት ነበር። ስለዚህ ባሕር ተሻግሮ ወደ አየርላንድና ብሪታንያ ሄደ። ነፃነቱን የገዙለት እዚያ ያሉ ወዳጆቹ ናቸው።

ጥያቄ፦ ታዲያ የስቶው ልቦለድ ያን ያህል ለምን ተነበበ?

ጊዜው ነው። በ1850 የወጣው ሕግ፣ ያመለጠ ሰው ሲያዝ ማንኛውም የሰሜን ነዋሪ እንዲተባበር አስገደደ። የደበቀ ይቀጣል። ባርነት በራፋቸው ላይ መጣ ማለት ነው። መጽሐፉ በ1852 ታትሞ በአንድ ዓመት ውስጥ አሜሪካ ላይ ብቻ 300,000 ቅጂ ገደማ ተሸጠ። ልጇን አቅፋ በኦሃዮ ወንዝ የበረዶ ንጣፎች ላይ እየዘለለች የምትሻገረውን እናት ያነበበ ሰው፣ ያቺ ሴት ቤቱን ብታንኳኳ ምን እንደሚያደርግ ራሱን መጠየቁ አይቀርም።

ጉድለት የለውም አልልም። ስቶው ከባርነት ያመለጡ ገጸ ባሕርያቷን መጨረሻ ላይ ወደ ላይቤሪያ ትሸኛቸዋለች። ብዙ ጥቁር አንባቢዎች አገራችን እዚህ ነው ብለው ተቃውመዋታል። ዳግላስም መጽሐፉን ቢያደንቅም ይህን ሐሳብ አልተቀበለም።

ጥያቄ፦ ስንት ሰው ሐሳቡን እንደቀየረ በቁጥር ይታወቃል?

ያኔ የሕዝብ አስተያየት መለኪያ አልነበረም። በ1860 እንኳ ሊንከንን የመረጠው ሰው 40 ከመቶ ያህል ነው፤ የፓርቲያቸው አቋምም ባርነት አይስፋፋ እንጂ አሁኑኑ ይጥፋ የሚል አልነበረም። ማስረጃ ከተባለ ግን ደቡብ ካሮላይና ስትገነጠል ያወጣችውን መግለጫ ማንበብ ነው። ከክሶቿ አንዱ ሰሜኖቹ በሰዎች፣ በመጻሕፍትና በሥዕሎች ባሮቻችንን ለአመፅ ቀሰቀሱ የሚል ነው። መጽሐፍ የመገንጠል ምክንያት ሆኖ ተቆጠረ!

ጥያቄ፦ በጽሑፎቹ ውስጥ የኢትዮጵያ ስም ይነሳል እንዴ?

አዎ፣ ደጋግሞ። «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለውን የመዝሙረ ዳዊት ቃል ጥቁር ጸሐፊዎችና ሰባኪዎች የነፃነት ተስፋ አድርገው ይዘውት ነበር። ለእነሱ ኢትዮጵያ ማለት መላው የአፍሪካ ዘር ነው። ዎከር መጽሐፉን ባወጣበት በ1829 ኒውዮርክ ላይ ሮበርት አሌክሳንደር ያንግ ያሳተመው ጽሑፍ ርዕሱ ራሱ የኢትዮጵያውያን መግለጫ የሚል ነው።

ጥያቄ፦ አንድ መጽሐፍ ብቻ ላንብብ ብል የቱን?

የዳግላስን የ1845ቱን። አጭር ነው፣ በሁለት ቀን ያልቃል። ከጨረስሽ በኋላ ከባርነት ያመለጠችውን የሀሪየት ጃኮብስን መጽሐፍ ጨምሪበት። ጦርነቱ በፈነዳበት በ1861 የታተመ ነው። ወደ ሰባት ዓመት ገደማ በአያቷ ቤት ጣሪያ ሥር ተደብቃ ኖራለች፤ በባርነት ሴት ልጅ ላይ የሚደርሰውን ደግሞ ወንዶቹ ጸሐፊዎች እንደሷ አልነገሩንም።