ሁለቱ ሲታረቁ ሦስተኛው የት ነበር?

ለወጣት የፊልም ጸሐፊዎች፤

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔ የሌሎችን የፊልም ጽሑፍ ሳነብና ሳርም ነው ያረጀሁት። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ከእናንተ በሚደርሱኝ ጽሑፎች ላይ እርቅ በዝቶ አያለሁ። ሲገዳደሉ የኖሩ ሁለት ሰዎች መጨረሻ ላይ ይተቃቀፋሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ሙዚቃው ከፍ ይላል፣ አለቀ። ለምን እንደምትጽፉት ይገባኛል። ሀገራችን ካየችው መከራ በኋላ እርቅ የማይናፍቀው ማን አለ? ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ አብዛኛው አላሳመነኝም። ለምን እንዳላሳመነኝ በካውቦይ ፊልሞች ላስረዳችሁ። ይህን ጉዳይ እነሱን ያህል ደጋግሞ የሞከረ፣ ደጋግሞም የተሰናከለበት የፊልም ዓይነት አላውቅም። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የእኔ ዘመን ልጆች ካውቦይ ስናይ ነገሩ ያለቀለት ነበር። አክተሩ አይሞትም፤ ወንበዴው ይሞታል። ያኔም ቢሆን ግን ጥሩዎቹ ፊልሞች እንዲህ ቀላል አልነበሩም። በ1957 የወጣውን «3፡10 ቱ ዩማ» ፈልጋችሁ እዩት። ዳን ኢቫንስ ድርቅ ያደቀቀው ከብት አርቢ ነው። ለውሃ የሚከፍለው 200 ዶላር አጥቷል። ለዚያው 200 ዶላር ሲል ቤን ዌድ የተባለውን ሽፍታ ጠብቆ ባቡር ላይ ሊያሳፍር ይስማማል። ሁለቱ ሆቴል ክፍል ውስጥ ሆነው ባቡሩን ይጠብቃሉ። ሽፍታው ዘና ብሎ ያባብለዋል፣ ገንዘብ ያቀርብለታል። ድሃው ጭንቅ በጭንቅ ሆኖ ጠመንጃውን ይጨብጣል። በመጨረሻ ግን ሽፍታው በገዛ ፈቃዱ ዘሎ ባቡሩ ላይ ይወጣና የጠባቂውን ሕይወት ያተርፋል። ይቅርታ አልጠየቀም፣ ማንንም አላቀፈም። ሆቴሉ ውስጥ ሊገድለው ከመጣ ሰው ኢቫንስ አድኖት ነበር፤ ዌድ ደግሞ የሰው ውለታ ተሸክሞ መኖር አይወድም። በቃ ይኸው ነው። ነፍሰ ገዳይነቱ እንዳለ ነው፤ ከዩማ እስር ቤትም ከዚህ በፊት አምልጦ ያውቃል። ተመልካቹ ታዲያ ምን ብሎ እንደሚፈርድ ግራ ይገባዋል። እንዲህ ግራ ማጋባት የጸሐፊ ድፍረት ይጠይቃል። እናንተ ግን ብዙ ጊዜ በደለኛውን በአንድ ገጽ መልአክ ታደርጉታላችሁ።

ይህ የሁለት ሰው ጉዳይ ነው። የሚከብደው ጠላትነቱ የሁለት ወገን ሲሆን ነው።

«ሜጀር ዳንዲ» በ1965 ወጣ፤ የሳም ፔኪንፓ ፊልም ነው። ታሪኩ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሊያበቃ ሲል ይጀምራል። ሻለቃ ዳንዲ የሰሜኑ መኮንን ነው። ካፒቴን ታይሪን ደግሞ እስረኛው የሆነ የደቡብ መኮንን፣ የቀድሞ ወዳጁ። ዳንዲ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆኑትን አፓቼዎች ለማሳደድ ሰው ስላነሰው እስረኞቹን ያስታጥቃል። ታይሪን ቃል ይገባል፦ አፓቼው እስኪያዝ ወይም እስኪጠፋ አብሬህ እዘምታለሁ፣ ከዚያ ግን እገድልሃለሁ። ጉዞው ላይ ጥቁር ወታደሮችም አሉ። አንድ ምሽት አንድ የደቡብ ወታደር ኤሶፕ የተባለውን ጥቁር ወታደር ቡት ጫማዬን አውልቅልኝ ይለዋል። ሰፈሩ በጸብ ሊፈነዳ ይደርሳል። ያኔ ታይሪን፣ ለባርነት ሲዋጋ የኖረው መኮንን፣ ወደ ኤሶፕ ዞሮ ወንዙን ስትሻገሩ የሠራችሁት ሥራ ግሩም ነበር ብሎ በአክብሮት ያመሰግነዋል። ጸቡ በረደ። በጣም የምወደው ትዕይንት ነው። አንድ የምስጋና ቃል ብቻ፣ ግን ያንን ቃል ለማውጣት ሰውዬው ስንት ነገር መዋጥ ነበረበት!

መጨረሻ ላይ ታይሪን ሲዋጋው የኖረውን ባንዲራ ያኔ ሜክሲኮን ከያዙት የፈረንሳይ ፈረሰኞች እጅ ነጥቆ ይመልሳል፤ ቆስሎም ብቻውን ወደ ጠላት ይጋልባል። ያምራል። ግን ቆም ብላችሁ ጠይቁ። ሰሜንና ደቡብን ምን አስታረቃቸው? የጋራ ጠላት። አፓቼው እየሞተ ነው እነሱ ወንድማማች የሆኑት። ኤሶፕም ተመሰገነ እንጂ በዚህ እርቅ ትስማማለህ ወይ ብሎ የጠየቀው የለም። ይህ የአንድ ፊልም ችግር ብቻ አይደለም። በእውነተኛው ታሪክም ሰሜንና ደቡብ እንዲሁ ነበር የታረቁት። በ1877 የፌዴራሉ ጦር ከደቡብ ግዛቶች ጥበቃው ሲነሳ የነጮቹ ቂም እየበረደ ሄደ፤ ነፃ የወጡት ጥቁሮች ግን ለቀድሞ ጌቶቻቸው ተተዉ። ዋጋውን የከፈሉት እርቁ ላይ ያልተቀመጡት ናቸው።

የ1976ቱን «ዘ አውትሎው ጆሲ ዌልስ» ሳስብ ደግሞ ሁለት ስሜት ይታገለኛል። ክሊንት ኢስትውድ ነው የመራውም የተወነውም። ጆሲ ቤተሰቡ የታረደበት፣ እጅ አልሰጥም ያለ የደቡብ ሽምቅ ተዋጊ ነው። አዲስ ጎጆ ከቀለሰበት ስፍራ ኮማንቼ የተባሉት ነባር ሕዝቦች አለቃ ቴን ቤርስ ሊያጠቃው ይመጣል። ጆሲ ብቻውን በፈረስ ይሄድና ፊት ለፊት ይቆማል። ሞትም አለኝ፣ ሕይወትም አለኝ፣ ምረጥ ነው ነገሩ። ልብ አድርጉ፣ ውላቸው ዝርዝር አለው፦ ኮማንቼዎች በዚያ ሲያልፉ ከከብቱ እንደሚያስፈልጋቸው ይወስዳሉ፤ ቤቱ ላይ የእነሱ ምልክት ይደረግበታል። መዳፋቸውን ሰንጥቀው ደማቸውን የሚያቀላቅሉት ይህ ሁሉ ከተነገረ በኋላ ነው። በሀገራችን ደም ያደረቀ ሽማግሌ ይህን ትዕይንት ቢያይ ወዲያው ይገባዋል። ካሳው ሳይቆረጥ መጨባበጥ የለም።

መዝጊያው ደግሞ የተለየ ነው። የቀድሞ ጓደኛው ፍሌቸር፣ ሳያውቅ ሰዎቹን ለእልቂት የዳረገው፣ መጠጥ ቤት ውስጥ ያገኘዋል። የሰፈሩ ሰዎች ጆሲን በሌላ ስም ይጠሩታል፤ ዌልስማ ሜክሲኮ ሞቷል ይላሉ። የጆሲ ደም ቡት ጫማው ላይ ጠብ ይላል። ፍሌቸር ያየዋል። ሜክሲኮ ሄጄ እፈልገዋለሁ፣ ጦርነቱ አብቅቷል ልለው እሞክራለሁ ይላል፤ ለራሱ ለጆሲ! እንዳላወቀ ሆኖ ያሳልፈዋል። እንደዚህ ዓይነት ንግግር መጻፍ የቻለ ሰው ጸሐፊ ነው።

ታዲያ ሁለተኛው ስሜት ምንድን ነው? ፊልሙ የተሠራበትን ልብ ወለድ የጻፈው ኤሳ ካርተር ነው። በሌላ ስም ተሸፍኖ፣ ራሱንም ከነባሩ የቼሮኪ ሕዝብ ነኝ እያለ ነበር ያሳተመው። ካርተር ግን ጥቁሮችን ሲያሸብር የኖረው የኩ ክለክስ ክላን የተባለ የነጭ ዘረኞች ቡድን ሰው ነበር። በ1963 የአላባማው ገዥ ጆርጅ ዋላስ የዘር መለያየት ለዘላለም ይኑር ያለበትን ንግግር ከጻፉት አንዱ እሱ ነው። ይህን ካወቃችሁ በኋላ ፊልሙን ድገሙት። ዋነኞቹ በደለኞች የሰሜን ሰዎች ናቸው። ጦርነቱ የተነሳበት ባርነት ቦታ አላገኘም። ጆሲ የተቀላቀለው የቢል አንደርሰን ጓድ በእውነተኛው ታሪክ በ1863 ሎረንስ ከተማ ላይ ወደ 150 የሚጠጉ ወንዶችና ልጆች ከተገደሉበት ጥቃት ተሳታፊዎች መካከል ነው። ይህም በፊልሙ ውስጥ የለም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ፊልሙን አትዩ እያልኳችሁ አይደለም፤ እኔም አሁንም አየዋለሁ። ግን እርቅን የሚሰብክ ሁሉ ንጹሕ እጅ የለውም።

ሌላው የምትታገሉበት ነገር ፊልሙ የት ይቁም የሚለው ነው። በ1950 የወጣው «ብሮክን አሮው» የአፓቼው መሪ ኮቺስና ቶም ጄፎርድስ እንዴት ወዳጅ እንደሆኑ ይተርካል። እርቁ እውነት ነው፣ በ1872 ተፈጽሟል። ፊልሙ እዚያው ተስፋ ላይ ይቆማል። ታሪኩ ግን አልቆመም። ኮቺስ በ1874 ሞተ። በ1876 መንግሥት ቃል የገባውን መሬት መልሶ ወሰደ። ብዙዎቹ የኮቺስ ወገኖች ከ1886 እስከ 1913 የጦር እስረኛ ተብለው ኖሩ። የት ላይ እንደምትቆሙ የምትመርጡት እናንተ ናችሁ፤ ምርጫው ግን ወገን አለው።

በ2017 የወጣው «ሆስታይልስ» ይህን ሁሉ የሚያውቅ ፊልም ነው። ዘመኑ 1892 ነው። ካፒቴን ብሎከር ዕድሜውን ቀይ ሕንዶችን ሲገድል የኖረ መኮንን ነው፤ ቋንቋቸውን ግን አቀላጥፎ ይናገራል። ሊሞት የተቃረበውን የሸየን አለቃ ዬሎ ሆክን ወደ ሀገሩ ሞንታና አድርስ ተብሎ ይታዘዛል። እምቢ ይላል፤ ጡረታህን ታጣለህ ሲባል ይሄዳል። በመንገድ ላይ የብሎከር የረጅም ጊዜ ባልደረባ ሳጅን ሜትዝ ዝናብ እየወረደበት ለአለቃው ትንባሆ ይሰጣል፣ በሕዝባችሁ ላይ ያደረግነውን ማሩን ይላል። ጥቂት ቆይቶ ራሱን ያጠፋል። ይቅርታ መጠየቁ አላዳነውም፤ ፊልሙም እንዳዳነው አያስመስልም። ለዚህ ትልቅ ክብር አለኝ።

ቅሬታዬ መጨረሻው ላይ ነው። ዬሎ ሆክ ሞቶ ይቀበራል። የልጅ ልጁ ሲቀር ቤተሰቡ ሁሉ ይገደላል። ካፒቴኑ ግን ከጥላቻው ተፈወሰ። ባቡር ጣቢያ ላይ የተረፈው ልጅ የነጮችን ሱፍ ልብስ ለብሶ ቆሟል። ብሎከር ሲያነበው የነበረውን የዩልየስ ቄሳር መጽሐፍ ይሰጠዋል። ልጁ ወደ ቺካጎ ሊሄድ ነው። ማንን ይቅር አለ? ማንም አልጠየቀውም።

ስለዚህ አዲሱን ጽሑፋችሁን ከመላካችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉልኝ። መተቃቀፉን ለጊዜው አቆዩት። በማግስቱ ጠዋት ያለውን ጻፉ፤ መሬቱን ማን ያርሳል፣ ከብቱ የማን ነው፣ የሟች እናት በየት በኩል ወደ ገበያ ታልፋለች? ከዚያ እንደዚያ ልጅ ጥግ ላይ የቆመውን ሰው ፈልጉና አሥር ገጽ በእሱ ዓይን ጻፉልኝ። እነዚያን ገጾች አስቀድማችሁ ላኩ፤ የቀረውን ከዚያ በኋላ አብረን እናያለን።